አዲስ አበባ ላይ የደከመ ሞተር፦ ጉልበት ከመጨመር በፊት የጠፋውን መፈለግ

ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቁ ወዲህ፣ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ያለው ሰው የሚያስበው እንዴት እንደሚለውጠው ሳይሆን እንዴት እንደሚያቆየው ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ገና ብዙ ዳገት ይጠብቀዋል። ባለቤቱም «ጉልበት ይጨምራል» የተባለ ነገር ሁሉ ያጓጓዋል፦ ኢሪዲየም ካንዴላ፣ ሾጣጣ ፊልትሮ፣ የተቆረጠ ማርሚታ፣ ከመሪው ሥር የሚሰካ «ቺፕ»።

ችግሩ ገንዘቡ የሚወጣው መኪናው ምን እንደጎደለው ሳይታወቅ መሆኑ ነው። ዳገት አልወጣ ያለ መኪና ላይ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ። አንዱ የከፍታው ድርሻ ነው፤ እሱን መካኒክ አይጠግነውም። ሌላው የብልሽት ድርሻ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ በትንሽ ወጪ ይመለሳል። ሁለቱን ሳይለዩ ሞተር ማውረድም ሆነ ዕቃ መግዛት በጭፍን መወርወር ነው።

አየሩ ስንቱን ይወስዳል?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 76 ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መቶኛ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የአየሩ መሳሳት ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ያው ሲሊንደር ይሞላል፣ የሚገባው አየር ግን በክብደት ሲታይ ሩቡን ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል።

በቁጥር ሲታይ፣ ብዙ ያሪስና ኮሮላ ላይ ያለው የቶዮታ 1.5 ሊትር 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር በፋብሪካው መጽሐፍ 109 የፈረስ ጉልበት አለው። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሆኖ የሚሰጠው 82 ገደማ ነው። 70 የፈረስ ጉልበት ያለው የ1.0 ሊትር ቪትዝ ወደ 52 ይወርዳል። እንጦጦን አልፎ 3,000 ሜትር ላይ ሲደርስ ከባሕር ወለሉ ጉልበት የሚቀረው 70 በመቶ ያህል ነው። አዳማ 1,700 ሜትር ላይ ስለሆነች ጉልበቱ ወደ 80 በመቶ ከፍ ይላል፤ መተሐራ ሲደረስ 90 ይጠጋል። አራት ሰው አሳፍሮ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ የአንድ ሊትር ቪትዝ አልታመመም።

ከዚህ አንድ ነፃ ምርመራ ይገኛል። መኪናው ወደ አዳማና መተሐራ ሲወርድ በግልጽ ነፍስ ከዘራ፣ ያስቸገረው በአመዛኙ ከፍታው ነው። ቆላም ወርዶ ያው ድካም ከተከተለው ብልሽት አለ ማለት ነው።

መለኪያው የሚያሳስትበት ቦታ

ብዙ ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚወርደው ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ በሚያሳየው የኮምፕሬሽን መለኪያ ንባብ ነው። ለ1ኤንዜድ-ኤፍኢ መጽሐፉ የሚሰጠው ጤነኛ ንባብ 213 ፒኤስአይ፣ ዝቅተኛው ገደብ 156፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 14 ነው። እነዚህ የባሕር ወለል ቁጥሮች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ሞተር የለካ ሰው 160 አካባቢ ያነባል፤ ከገደቡ ጥቂት ብቻ የራቀ ስለሚመስለውም «ፒስተን ሪንጉ አልቋል» ይላል። ሞተሩ ግን ሙሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የመጽሐፉ ቁጥር ላይ 14.7 (የባሕር ወለል የአየር ግፊት በፒኤስአይ) ይደመራል፣ በ0.75 ይባዛል፣ ከውጤቱ 11 (የአዲስ አበባው) ይቀነሳል። 213 ወደ 160፣ 156 ደግሞ ወደ 117 ይለወጣል። ስለዚህ ለዚህ ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚያሳስበው ከ117 በታች የሆነ ንባብ ወይም በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ከ10 ፒኤስአይ በላይ የሆነ ልዩነት ነው። በተግባር ከከፍተኛው ቁጥር ይልቅ ልዩነቱ ብዙ ይናገራል፤ ከፍታው አራቱንም ሲሊንደሮች እኩል ስለሚነካ ልዩነት ሊፈጥር አይችልም።

ልኬቱም በአግባቡ ካልተደረገ ዋጋ የለውም። ሞተሩ እስከ መደበኛ ሙቀቱ ይሞቃል። አራቱም ካንዴላዎች ይወጣሉ፣ አንዱን ብቻ አውጥቶ መለካት ሞተሩን በዝግታ ያዞረዋልና ንባቡን ያሳንሳል። የኮይልና የኢንጀክተር ሶኬቶች ይነቀላሉ። የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ይያዛል፤ ይህ ሲረሳ አየር ስለማይገባ ጤነኛ ሞተር እንኳ የሞተ ይመስላል። ባትሪው የደከመ መሆን የለበትም። ከዚያ ጠቋሚው መውጣቱን እስኪያቆም፣ ማለትም ከአምስት እስከ ሰባት ምት፣ በሞተሪኖ ይዞራል። ዝቅ ያለ ሲሊንደር ከተገኘ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካል። ንባቡ በግልጽ ከወጣ ችግሩ ከፒስተን ሪንግ ወይም ከሲሊንደሩ ግድግዳ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ከቫልቭ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን በመካከላቸው ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካው የቫኩም ጌጅም እንደዚሁ ያሳስታል። መጽሐፍ ላይ ያለ ሥራ የሚሽከረከር ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) ያነባል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ አዲስ አበባ ላይ ከ10 እስከ 13 የሚያነብ ሞተር ደኅና ነው። መመልከት ያለበት መርፌው መርጋቱን ነው። በእኩል ጊዜ ዝቅ እያለ የሚመለስ መርፌ የአንድ ሲሊንደር ቫልቭ በደንብ እንደማይዘጋ ይጠቁማል።

ስካነሩ ከሚለው ውስጥ ሦስት ቁጥሮች

በርካሽ የሚገዛው የብሉቱዝ ስካነርና የስልክ መተግበሪያ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። የስህተት ኮድ አለመኖሩ ግን መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ኮድ የሚያወጣው ጉድለቱ ከገደብ ሲያልፍ ብቻ ነው። የሚጠቅመው በሥራ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ማንበብ ነው።

የመጀመሪያው በሞተሩ የአየር መግቢያ ያለውን ግፊት የሚለካው የማፕ ሴንሰር ንባብ ነው፣ መኪናው ይህ ሴንሰር ካለው። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሴንሰሩ የሚያሳየው የከተማውን የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ማንበብ አለበት። 90 ካነበበ ኮምፒውተሩ የሌለ አየር አለ ብሎ ያምናል፣ ነዳጁንም በዚያ ልክ ያበዛል። መኪናው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበትም ይጠፋል። አንድ ደቂቃ በማይፈጅ ንባብ የሚለይ ብልሽት ነው፤ ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ካንዴላና ኢንጀክተር ከተለወጠ በኋላ የሚደረስበት መሆኑ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ፉዌል ትሪም ነው፤ ኮምፒውተሩ ከተሰላው ነዳጅ ላይ ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ይናገራል። የአጭር ጊዜውና የረጅም ጊዜው ትሪም ድምር በመደመርም በመቀነስም ከ10 በመቶ ውስጥ ከሆነ አያሳስብም። ቁጥሩ ከዚያ ሲያልፍ ግን መቼ እንደሚያልፍ ማየት ነው ቁልፉ። ያለ ሥራ ሲሽከረከር +18 ሆኖ በ2,500 ዙር ወደ +4 ከወረደ፣ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ። ቀዳዳው የሚያስገባው አየር መጠን ብዙም ስለማይለወጥ፣ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ድርሻው ያንሳል። የሚፈለገው የሚገባውን አየር ከሚለካው ከኤርፍሎ ሴንሰሩ በኋላ ያለ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የፒሲቪ (የሞተሩን የውስጥ ትነት የሚመልስ) ቱቦ፣ የፍሬን ሰርቮ ቱቦ ወይም የኢንቴክ ጓርኒሲዮን ነው። የካርቡሬተር ማጽጃ እየረጩ መፈለግ የተለመደ ቢሆንም በጋለ ሞተር ላይ እሳት ያስነሳል፤ ጭስ አስገብቶ የሚወጣበትን ማየት የተሻለ ነው።

ነገሩ ከተገለበጠ፣ ማለትም ያለ ሥራ ደኅና ሆኖ በጭነት ጊዜ ትሪሙ ከወጣ፣ ነዳጁ አይደርስም ወይም ኤርፍሎ ሴንሰሩ አየሩን አሳንሶ ይቆጥራል። ሁለቱን ለመለየት የነዳጅ ግፊት ይለካል። ለ1ኤንዜድ-ኤፍኢ ከ304 እስከ 343 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ መሆን አለበት፤ ዳገት ላይ ሲረገጥም መውረድ የለበትም። ከወረደ ታንከሩ ውስጥ ያለው ወንፊት ተደፍኗል ወይም ፓምፑ ደክሟል። አዲስ ፓምፕ በአሮጌ ወንፊት ላይ መግጠም ያንኑ ሥራ ከወራት በኋላ መድገም ነው።

ሦስተኛው የኤርፍሎ ንባብ ነው፣ በሰከንድ በግራም። ቁጥሩ የሞተሩን ትንፋሽ በቀጥታ ስለሚሰጥ በጣም ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አያየውም። ባለ 1.5 ሊትር ሞተር አዲስ አበባ ላይ በ5,000 ዙር ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ 50 ግራም አካባቢ መሳብ አለበት፤ በባሕር ወለል ከ65 በላይ ይሆን ነበር። ከ40 በታች ከቀረ ወይ ሴንሰሩ ይዋሻል ወይ ሞተሩ ታፍኗል። ትሪሙ በጭነት ከፍ ብሎ ግራሙ ካነሰ ሴንሰሩ ቆሽሿል። ትሪሙ ደኅና ሆኖ ግራሙ ብቻ ካነሰ ግን ሴንሰሩ እውነቱን ነው የሚናገረው፤ አየሩ አልገባም ወይም ጭሱ አልወጣም።

የቆሸሸ ኤርፍሎ የሚጸዳው ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ነው። ጨርቅም ጣትም አይነካውም፣ ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል። የካርቡሬተር ማጽጃ ሽፋኑን ይበላል፣ ቅሪትም ይተዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ይረጫል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይደርቃል፣ ከዚያ ይገጠማል።

ለታፈነ ጭስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ካታላይዘር ነው። ካንዴላ እየሳተ ወይም ዘይት እየበላ ብዙ በተነዳ መኪና ላይ በካታላይዘሩ ውስጥ ያለው ሴራሚክ ይቀልጣል ወይም ይሰባበራል። የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ይወጣና በቦታው የግፊት ጌጅ ይገባል። በ2,500 ዙር ከ3 ፒኤስአይ በላይ ካነበበ መውጫው ተዘግቷል። ካታላይዘሩን ሰብሮ ባዶ ቆርቆሮ ማስቀረት የተለመደ መፍትሔ ነው፣ ግን ትክክል አይደለም፤ ጭሱን የሚተነፍሰው ከኋላ ያለው ሕዝብ ነው፣ የተሰበረውን ያመጣው ብልሽትም ሳይጠገን ይቀራል።

ከሞተሩ ውጭ ያለውን ረስቶ ሞተር መመርመር ሌላው ስህተት ነው። የሚይዝ ፍሬን ብቻውን ዳገት ሊያስቀር ይችላል፤ አሥር ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳያበዙ ነድቶ የአራቱን ቸርኬዎች ሙቀት እጅ በማስጠጋት ማወዳደር ይለየዋል። ፍሪሲዮን ከሸተተ ወይም በአራተኛ ማርሽ በ50 ኪሎ ሜትር ሲረገጥ ዙሩ ፍጥነቱን ትቶ ከወጣ እየተንሸራተተ ነው። ለመልክ ተብሎ ቁመቱ 10 በመቶ የጨመረ ጎማም ከመሳቢያ ኃይሉ ወደ 10 በመቶ ይወስዳል፤ ከፍታው ሩቡን ለወሰደበት ሞተር ይህ ቀላል አይደለም።

ካርቡሬተርና ናፍጣ

ኢንጀክሽን ያለው መኪና ከፍታውን በሴንሰሩ አውቆ ነዳጁን ራሱ ያስተካክላል። የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ካርቡሬተር ግን አያውቅም። ለባሕር ወለል የተበሳ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ) አዲስ አበባ ላይ ከሚያስፈልገው 12 በመቶ ገደማ የበለጠ ቤንዚን ይሰጣል። ምልክቱ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ፣ ጥቁር ጭስና አላግባብ የሚያልቅ ቤንዚን ነው። መፍትሔው የዋናውን ጄት ዲያሜትር 5 በመቶ ያህል መቀነስ ነው፤ በ100 ፋንታ 95። ጄቱን በብየዳ ደፍኖ በመርፌ መልሶ መብሳት አይሠራም፣ ምክንያቱም ፍሰቱን የሚወስነው ስፋቱ ብቻ ሳይሆን የቀዳዳው ጠርዝ ቅርጽም ነው።

ለካርቡሬተር ሞተር ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ከመጽሐፉ ልክ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ማስቀደምም እውነተኛ ጥቅም አለው። የሳሳ አየር በዝግታ ስለሚቃጠል እሳቱ ቀደም ብሎ ቢነሳ ይመቸዋል፤ ለማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ጊዜው ለመንደድ) ያለው ዝንባሌም ያንሳል። 1,600 ሜትር ላይ ባለችው የአሜሪካዋ ዴንቨር መደበኛው ቤንዚን በሌሎች ቦታዎች ከሚሸጠው 87 ዝቅ ብሎ 85 ኦክቴን የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ ዲስትሪቢዩተር ወደ አዋሽ ሲወርድ ከመኪናው ጋር አብሮ ይወርዳል። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሞተሩ በጭነት ጊዜ ጠጠር እንደሚንጫጫ ድምፅ ማሰማት ይጀምራል። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ካጋጠመ ደግሞ ይብሳል። ቆላ የሚመላለስ ሰው የመጽሐፉን ልክ ቢጠብቅ ይሻለዋል። በ4ኤ-ኤፍኢ ዓይነት ኢንጀክሽን ሞተር ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ የመመርመሪያ ሶኬቱ የቲኢ1ና የኢ1 ቀዳዳዎች በሽቦ ሳይገናኙ ልኬቱን ማመን የለበትም፤ ሳይገናኙ ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሚያስቀድም የእሳት መለኪያው መብራት የሚያሳየው እውነተኛውን 10 ዲግሪ አይደለም።

ናፍጣ ላይ የሚደረገው ግን ከሁሉም ያስቆጫል። ቱርቦ የሌለው የሃይስ ወይም ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘር ዳገት ላይ ሲደክም የፓምፑን የሙሉ ጭነት ስክሩ ማጥበቅ ይመከራል። ይህ ትንሽ አየር ላለው ሞተር ብዙ ናፍጣ መስጠት ነው። የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ የጭሱን ሙቀት ያንራል፣ ፒስተንና ቴስታታ ያቃጥላል። በከፍታ ላይ ስክሩ መላላት ነው ያለበት እንጂ መጥበቅ አይደለም፦ የነበረበት ቦታ ምልክት ተደርጎበት፣ በአንድ ጊዜ የዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ፣ ጭሱ ዳገት ላይ እስኪጠራ። አንዳንድ ፓምፖች ይህን በራሱ የሚያደርግ የከፍታ ማካካሻ ከላያቸው አላቸው፤ ስክሩ ከመነካቱ በፊት እሱ መሥራቱ ይታይ።

ከሚሸጡት ማሻሻያዎች

ኢሪዲየም ካንዴላ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ጉልበት ግን አይጨምርም። የደከመ ካንዴላ በትክክለኛ ተራ ካንዴላ፣ ለ1ኤንዜድ በ1.1 ሚሊሜትር ክፍተት፣ ቢለወጥ ልዩነቱ ያው ነው። መኪናው ውስጥ የሚሰካው ባለመብራት «ቺፕ» በአብዛኛው ከመብራቱ በቀር ምንም የለውም።

ሾጣጣው ፊልትሮ ድምፅ ይጨምራል። ከኮፋኖ ሥር ተጋልጦ ሲቀመጥ ግን የሞተሩን ትኩስ አየር ይስባል፤ በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ 3 በመቶ አየር ይጠፋል። ዘይት የሚቀባው ዓይነት ኤርፍሎውን ያቆሽሻል፣ ደካማው ደግሞ አቧራ ያሳልፋል። አቧራ ሲሊንደር የሚበላ አሸዋ ነው። ለጠጠር መንገድ የፋብሪካው ሳጥንና አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ይሻላሉ። ማርሚታ ማስቆረጥ ለእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ጎረቤት ከማስነሳት ያለፈ ውጤት የለውም።

ከፍታው የወሰደውን በእውነት የሚመልሰው ቱርቦ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ሌላ ቦታ የማይገኝ ዕድል ትሰጣለች። 0.25 ባር፣ ማለትም 4 ፒኤስአይ የማይሞላ ግፊት ብቻ፣ 76 ኪሎፓስካሉን ወደ 101 ይመልሳል። የፋብሪካው ኢንጀክተር፣ ፓምፕ፣ ራዲያተርና ቢዬላ ለባሕር ወለል ጉልበት የተሠሩ ስለሆኑ እስከዚያ ድረስ ይበቃሉ። ያለ ኢንተርኩለር (የአየር ማቀዝቀዣ ራዲያተር) ግን የተጨመቀው አየር ወደ 60 ዲግሪ ስለሚሞቅ የሚመለሰው ሙሉው ሳይሆን 90 በመቶ ገደማ ነው። የዘይቱ መመለሻ ቱቦ ሰፊ ሆኖ ያለ ምንም መታጠፍ ቁልቁል ወደ ካርተሩ መውረድ አለበት፤ ጠባብ ወይም የተንጠለጠለ ከሆነ ዘይቱ በቱርቦው ማሸጊያ አልፎ ሰማያዊ ጭስ ይሆናል፣ ቱርቦውም ያለ ጥፋቱ ይለወጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መኪናው ወደ ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ሳያስቡ ነው። የቱርቦውን ግፊት የሚገድበው የዌስትጌት (የጭስ ማሳለፊያ በር) ስፕሪንግ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ያ 0.25 ባር መተሐራ ላይ ሲደመር 1.15፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 1.26 ባር ይሆናል። የመጭመቂያ ምጣኔው 10.5 ለሆነና ቢዬላው ቀጭን ለሆነ 1ኤንዜድ ይህ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ የማንኳኳትና የተሰበረ ፒስተን ቀጠና ነው። ስለዚህ ግፊቱን በስፕሪንግ ብቻ የሚተው ሥራ አይበቃም። ፍጹማዊ ግፊት በሚያነብ ማፕ ሴንሰር የሚመራና ከ101 ኪሎፓስካል በላይ ሲሆን እሳቱን የሚያዘገይና ዌስትጌቱን የሚከፍት ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ የኮምፒውተሩ የነዳጅና የእሳት ሰንጠረዥም የአየርና ነዳጁን ምጣኔ በትክክል በሚያነበው በዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር እየታየ፣ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ሳይሆን አዋሽ ድረስ ወርዶ መሠራት አለበት። ይህን ሁሉ ማድረግ ለማይችል ሰው ቱርቦውን ትቶ የተደፈነ ወንፊት መቀየርና የማፕ ሴንሰሩን ንባብ ማየት የበለጠ ጉልበት ያስገኝለታል።